ወደ ግራ የዞረችው ፋሸታ

ቢጫዋ መኪና ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ፣ መካኒኩ ጆሮ ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ሳለች ሰማት። ሰው በጥርሱ ቆርቆሮ የሚቀድ ይመስል ነበር ድምጿ። የያዘውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ደንበኛውም ጎረቤቱም ጆሮ ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ነው፤ ሞተር ሳይፈታ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በማዳመጥ ብቻ የተበላሸውን ዕቃ በስሙ ይጠራ ስለነበር። አሁን አሁን ግን ሰው ጆሮ ብሎ ሲጠራው የሚያሾፍበት ይመስለዋል። ጋራዡን ከአባታቸው የወረሱት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። ታላቅየው ግን ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲደጋግምበት ከርሟል፤ «አንተ ልጅ፣ ጆሮህ እየደከመ ነው። ከእንግዲህ ብንሸጠውና ብናርፍስ?»

ገዢው ተገኝቷል። ጋራዡን አፍርሶ የመኪና ማጠቢያ ሊያደርገው የሚፈልግ ነጋዴ ነው። ያለ ሁለቱ ፊርማ ሽያጭ የለም። ጆሮ ሲያንገራግር ከርሞ፣ መኪናዋ ሁለተኛ በተመለሰች ዕለት በንዴት ቃሉን ሰጠ። «ሦስተኛ ከተመለሰች አዎን፣ ደክሟል ማለት ነው። እፈርማለሁ።»

እና ይኸው ተመለሰች። ነጋዴው ደግሞ ዛሬ ከምሳ በኋላ ይመጣል።

የመኪናዋ ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ በሩን ከፍታ ወረደች። የምትቆጣም የምትስቅም ዓይነት ሴት ናት።

«ጋሽ ጆሮ፣ ሰፈር ልቀይር ነው እኮ! ማታ ማታ ከክሊኒክ ስመለስ የተኛውን ሕፃን ሁሉ እቀሰቅሳለሁ። ትናንት የታችኛዋ ጎረቤቴ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዶክተር፣ ጥርስ የምትነቅይው በዚህ ነው እንዴ?›»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋትማ እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትወጣው። ግማሽ ሰዓት ከነዳኋት በኋላ ነው ጉድ የምትሠራኝ።»

ጆሮ ቀና አለ። «ከጋለች በኋላ ነው?»

«እንዴ! ለወንድምህ ነግሬው ነበር እኮ። ሁለቴ! አልነገረህም?»

አልነገረውም። ረስቶት ይሆናል፤ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ጆሮ እንደዚያ ብሎ አለፈው። ግን ነገሩ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ቆረቆረው።

ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ ሐኪሟ ለብቻው ገዝታ ነው ያስገጠመችው፤ የገጠመውም ጆሮ ራሱ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት የብረት ክዳኖች አሉት። ሲዘጉ መኪናዋ እንደ ድመት ታንኮራፋለች፣ ሲከፈቱ ታገሳለች። የሚዘጋቸው ሞተሩ ነው፤ በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ይስብና ክዳኖቹን የሚጎትቱትን ሁለት ትንንሽ ጣሳዎች ይወጥራል። ቱቦው የትም ቦታ አየር ካስገባ ጣሳዎቹ ይላላሉ፣ ክዳኖቹም በስፕሪንግ ተስፈንጥረው ይከፈታሉ። በመጀመሪያው መመለስ የቀኙን ጣሳ ቀየረ። በሁለተኛው የግራውን። ሁለቱንም ጊዜ የሞከራት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ቀዝቅዛ ነበር። የጋለ ማርሚታ ሥር ማን ይገባል?

«ቁልፉን ስጪኝ ዶክተር። አንቺ እዚሁ ተቀመጪ።»

ታላቅ ወንድሙ ከቢሮው ወጣ። ለፊርማው ሲል ይሁን ለሌላ፣ ዛሬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

«ወዴት ነው?»

«ላግላት ነው፣ ጋሼ።»

«ተወው እባክህ! ቃል ቃል ነው፣ ሦስተኛዋ ነች። ምን ያለፋሃል? ደግሞ ትቃጠላለህ።»

«ብቃጠል የምቃጠለው እኔ፤» አለና ነድቶ ወጣ።

ዳገቱን ሁለቴ ወጥቶ ወረደ። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ የትራፊክ መብራት ይዞት እንደቆመ፣ ከኋላው ክዳኖቹ ሲላቀቁ ሰማ፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ወዲያው ሌላው። ሁለቱም አንድ ላይ ከሆነ ጥፋቱ ጣሳዎቹ ላይ አይደለም። ቱቦው ሁለት ከመከፈሉ በፊት፣ ከላይ ነው።

ተመልሶ መኪናዋን ከሥሯ ገብቶ ከሚሠራበት ጉድጓድ በላይ አቆማት። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ደረጃውን ወረደ። ሙቀቱ ግንባሩን ጠበሰው። ዓይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ ሞተሩን ብቻ ሰማ። ከዚያ የማርሚታውን ቆርቆሮ መርገብገብ። ከዚያ የራሱን ትንፋሽ። እና ከዚህ ሁሉ ሥር፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን በአፍንጫው እንደሚስበው ትንፋሽ ያህል፣ አንዲት ቀጭን «ስስስ»።

ጆሮ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ሳቀ። ሰማት! ያ ደከመ የተባለው ጆሮው ሰማት። የጆሮ ሐኪሙ ኮሪደር ትዝ አለው። ወንድሙ ራሱ ነበር እጁን ይዞ የወሰደው፤ በመስታወት ክፍሉ ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ ሲቀመጥ ውጭ ኮቱን ይዞለት ቆሞ ነበር። የጆሮ ሐኪሙ «ለዕድሜህ ደህና ነህ» ሲለው፣ ወንድሙ በመንገድ ላይ ትከሻውን አቅፎ «ሐኪም መቼም ማባበል ሥራው ነው» አለው። ያን ቀን እውነት መስሎት ሌሊቱን በሙሉ የግድግዳ ሰዓቱን ሲያዳምጥ አድሯል።

ድምጿን በጣቱ ወደ ላይ ተከተላት። የመራችው ከላይ በሞተሩ ሽፋን በኩልም እጅ ወደሚደርስበት የቱቦው ላይኛ ጫፍ ነበር፤ ከገጠመው ቀን ወዲህ ያልነካው ቦታ፣ ራሱ ስለገጠመው ያመነው ቦታ። ቱቦውን ከሚሰካበት አፍ ጋር የምታጠብቀው ትንሿ የብረት ቀለበት፣ ፋሸታዋ፣ በቦታዋ ነበረች። ከአጠገቧ ጎማው ላይ ቀዳዳ ነበር። መርፌ ነው የወጋው። ሲቀዘቅዝ ጎማው ይጠብቅና ይገጥማል፤ ሲግል ይለሰልስና ይተነፍሳል።

ካቻቢቴውን አነሳና ፋሸታዋን ሊፈታ እጁን ዘረጋ። የብሎኗ ራስ በቀጥታ እጁ ውስጥ ገባለት።

እጁ እዚያው ቀረ።

አባታቸው አንድ ሕግ ነበረው፤ ብሎን ስታስር ራሱን ከአንተ በኋላ ለሚፈታው ሰው እጅ አዙርለት። ታላቅየው ቀኝ እጅ ነው፤ ጆሮ ግራኝ። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮ የሚያስረውን ሁሉ ለወንድሙ ወደ ቀኝ ሲያዞር፣ ወንድሙም የሚያስረውን ሁሉ ለእሱ ወደ ግራ ሲያዞር ኖረዋል። ይህችን ፋሸታ የገጠማት ቀን ወደ ቀኝ ነበር ያዞራት።

አሁን ወደ ግራ ዞራለች።

ወንድሙ ጎማውን ወግቶ፣ ቱቦውን መልሶ ሰክቶ፣ ከዚያ ጆሮ ሲፈታት እንዳይቸገር አስቦ ብሎኗን ወደ ግራ አዙሮለታል። ጆሮን የመርፌው ቀዳዳ እንዲህ አልወጋውም። አንጀቱን የቆረጠው እንዲህ ማሰቡ ነው።

ቆርጦ ያወጣውን ቱቦ ይዞ ቢሮ ገባ። ወንድሙ ወረቀቶቹን ደርድሮ፣ እስክሪብቶውን ከላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«አገኘሁት።»

«ምኑን?»

«ቀዳዳውን።»

ታላቅየው ቱቦውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። «አይጥ ትሆናለች። ይሄ ግቢ እንደሆነ አይጥ ብቻ ሆኗል።»

«አይጥ ካቻቢቴ አትይዝም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ፋሸታዋ ወደ ግራ ዞራለች።»

ወንድሙ ቀኝ እጁን፣ የሰው ዕቃ ይመስል፣ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አየው።

«ልማድ ነው፤» አለ በመጨረሻ።

ውጭ ሐኪሟ በስልክ ስትስቅ ይሰማል።

«መቼ?» አለ ጆሮ።

«የገጠምካት ዕለት። ላስረክብ ስወስዳት።»

«እና ሁለቴ ስፈታና ስገጥም ቆመህ አየኸኝ። መብራት ያዝክልኝ።»

«ጉልበቴ አልቋል። ያን ደረጃ መውረድ ካቃተኝ ስንት ጊዜዬ! አንተ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አልክ። ጆሮዬ እስካለ አልሸጥም አልክ። እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«‹ደከመኝ› ማለት።»

«ብልህ ትሸጥ ነበር?»

ጆሮ እውነቱን ሊመልስለት ፈልጎ አሰበ። ሸሚዙን አየው፣ አንገቱ ላይ የቀረችውን የመላጫ አረፋ አየ። እሸጥ ነበር ሊለው ይችል ነበር፤ ምናልባትም እውነት ነው።

«እሱንማ አሁን በምን እናውቀዋለን፤» አለ። «አንተ ጆሮዬን ነው የወሰድከው። ዓመት ሙሉ ሰው ሲያናግረኝ አፉን እያየሁ ነው የኖርኩት።»

ገና ከገባ ጀምሮ አንድም ጊዜ ጋሼ አላለውም። ሁለቱም አስተውለውታል።

«ሰውየው ሲመጣ ምን ልበለው?»

«መኪናዋ የተመለሰችው በእኔ አይደለም በለው። አልፈርምም። ድካምህን ደግሞ፣ መናገር የቻልክ ቀን፣ ለብቻው እንነጋገርበታለን።»

ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አዲስ ቱቦ ለክቶ ቆረጠ፣ ሰካ። ፋሸታዋን ይዞ ብሎኗን ወደ ቀኝ ማዞር ሲጀምር እጁ ቆመ። መለሳትና ወደ ግራ፣ ወደ ራሱ አዞራት። አጠበቃት።

«ዶክተር፣ ግማሽ ሰዓት ነጂልኝና ተመለሺ።»

«ካገሳችብኝ ግን አልመለስም፤ ባሕር ውስጥ ነው የምጨምራት!» ብላ ወጣች።

ነጋዴው መጣ። ታላቅየው በር ላይ ተቀብሎ አናገረው። ጆሮ የተባባሉትን ለመስማት አልሞከረም፤ የነጋዴው መኪና በሩ ላይ ዞራ ስትሄድ ብቻ አየ። ከዚያ የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ማዳመጥ ጀመረ። የጋሪ ጎማ፣ የሩቅ መዶሻ፣ በር የሚዘጋ ሰው። ከመታጠፊያው ወዲያ ምንም አልነበረም።

ድንገት ቀና ሲል ቢጫዋ መኪና ፊቱ ቆማለች።

አልሰማትም። ስትመጣ አልሰማትም።

«ሞተሩ በርቷል?» አላት።

«በርቷል እንጂ! ዝም አለች እኮ፣ እሰይ! እጅህን ልሳመው?»

መዳፉን የሞተሩ ሽፋን ላይ አሳረፈ። ሞቀው፤ ከሥሩ ቀስ ብሎ ይርገበገባል። በርቷል። ክዳኖቹ ተዘግተዋል፤ መኪናዋ እንዲህ ዝም እንድትል አይደል የለፋው? ቢሆንም እጁን ማንሳት አቃተው።

ወንድሙ ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ያየው ነበር።

«እኔም አልሰማኋትም፤» አለው ቀስ ብሎ። «እውነቴን ነው። ማንም አይሰማትም።»

ጆሮ የወንድሙን አፍ እያየ፣ ይመነው ወይስ አይመነው ሳያውቅ፣ መዳፉን የሚርገበገበው ብረት ላይ እንዳሳረፈ ቆመ።