የሆዷ ልኬት

እኔ ደምመላሽ ፒያሳ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የሰው ወገብ በዓይኔ አይቼ ቁጥሩን እነግርሃለሁ፤ ካላመንክ ና ሞክረኝ። ይሄ ጉራዬ ነው ልጄን ጉድ የሠራት።

አርሴማ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉበቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የታመመ ነው፤ ሆዷ ውሃ ይቋጥራል። ዘንድሮ መድኃኒቱ አልበቃ ሲላት፣ ህንድ ሄደን እናቷ ከራሷ ጉበት ቆርሳ ልትሰጣት ቀን ተቆረጠ። ሦስት ሳምንት ቀርቶን ነበር። ዶክተር ረሂማ «እስከዚያ ኩላሊቷን አደራ! እሱ ከተጎዳ ጉዞው ይቀራል» ብለውናል።

ሽንት የሚያስወጣውን ክኒን የምትሰጣት ባለቤቴ ጽጌ ነች፤ ጠዋት ጠዋት ግማሽ። እኔ ደግሞ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ሆዷን በሜትር እለካለሁ። ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት። ሰባ አራት!

ጨነቀኝ። ጽጌ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትወጣ ሌላ ግማሽ ጨመርኩላት። በማግስቱም ደገምኩ፤ ከዚያም በየቀኑ። እንግዲህ ሐኪም መሆኔ ነው! በሳምንቱ ስልሳ ስምንት ገባች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«አየሽ የኔ እመቤት፣ እየዳንሽ ነው» አልኳት።

«አባዬ፣ ውሃ ጠማኝ» አለችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ሽንቷ ጭራሽ ቀረ። ብንጠራት ብንጠራት አልነቃ አለች። በታክሲ ይዘናት ሐኪም ቤት በረርን።

ዶክተር ረሂማ የደም ውጤቱን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። «ኩላሊቷ ደክሟል። ውሃው ከመጠን በላይ ወጥቶባታል።»

«ሆዷ እኮ ጎድሎ ነበር!» አልኩ።

«ሆዷ ጎደለ ማለት ተሻላት ማለት አይደለም፣ አቶ ደምመላሽ። በዚህ ሁኔታ የትም አትሄድም። ኩላሊቷ ካገገመ እናያለን።»

«ካላገገመስ?»

ካርዷን ገለጡ። «ክኒኑን የሚሰጣት ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ጽጌ። «ግማሽ ነበር የምሰጣት... እንቅልፍ አጥቼ ደጋግሜ ሰጥቻት ይሆናል። ወይኔ ልጄን!» ደረቷን መታች።

የአራዳ ልጅ መልስ አያጣም ይባላል፤ እኔ አጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ጽጌን ፈራኋት።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን እግሬ ሥር ወደቀች።

«ደሜ፣ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።