ታንከሩ የቆመበት ቦታ

አባቴ እንደሚለው የአራተኛው ጣቢያ የውሃ ታንከር የቆመው በጣቢያው ቢሮ መስኮትና በሐዲድ መቀየሪያው ዘንግ መካከል ነበር። አራት የብረት እግሮች፣ ከላያቸው ዝገት የበላው ክብ ጋን፣ ከሥሩ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ጭቃ። በመስኮቱ ወደ ዘንጉ ለሚያይ ሰው ከታንከሩ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የጣቢያው አለቃ የነበሩት ሰው እንደሚሉት ደግሞ ታንከሩ የነበረው ከቢሮው ጀርባ፣ ከመጋዘኑ ጎን ነው። ከመስኮቱ እስከ ዘንጉ ስልሳ እርምጃ ነው፤ በመካከሉ ከጠጠር በቀር ምንም አልነበረም።

ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ ታንከር ባይስማሙ ማንም ጉዳዬ አይልም። ነገር ግን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በዚያ ጣቢያ አንድ የጭነት ባቡር ዋናውን መስመር ይዞ ማለፍ ሲገባው ወደ ጎን መስመር ገባና ግንድ ጭነው የቆሙ ሦስት ፉርጎዎችን ገጨ። ረዳት ነጂው አንድ እግሩን አጣ። የዕለቱ ሐዲድ ቀያሪ አባቴ ነበር። አለቃው ለአጣሪ ኮሚቴው ሲናገሩ፣ አባቴ ፉርጎዎቹን ወደ ጎን መስመር ካስገባ በኋላ ዘንጉን ወደ ዋናው መስመር ሳይመልስ ሲሄድ በመስኮት በዓይናቸው አይተዋል። አባቴ መልሼዋለሁ አለ። ኮሚቴው አለቃውን አመነ፤ አባቴም በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተ። ታንከሩ አባቴ በጠቀሰው ቦታ ከነበረ አለቃው ያላዩትን አየሁ ብለዋል። አለቃው በጠቀሱት ቦታ ከነበረ ግን ውሸቱ የእኛ ቤት ነው።

እኔ የዚህን ነገር እውነት ፍለጋ አልተነሳሁም። የተነሳሁት የባቡር መስመሩን ትንሽ ሞዴል ልሠራ ነበር። በከተማችን የውሃ ቢሮ ነዳፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የቧንቧ መስመር ስስል እውልና ወደ ቤት ስመለስ ከአባቴ ጋር «ዋልክ?» «ዋልኩ» ተባብለን በየክፍላችን እንገባለን። እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። የስፌት ክፍሏ ተዘግቶ ተቀምጧል። አንድ ቀን ከፍቼ ጠረጴዛዋን ስለካው ሁለት ሜትር ሆነ፤ በኮምፖርሳቶ ባስረዝመው ሦስት ሜትር ከሃያ ይሆናል። ከሲሚንቶ ፋብሪካው እስከ እህል ጎተራው ይሄድ የነበረው፣ ሐዲዱ ከተነቀለ አሥር ዓመት ያለፈው የጭነት መስመር በዚያ ላይ ይበቃል አልኩ። ቤቱም ባቡሩም ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ፤ በጣቢያዎቹ መካከል ያለው መንገድ ብቻ ከዚያም በላይ ያጠረ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገሩ ሲሰማ መሳቂያ ሆንኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ቀያሽ በየማለዳው ኮቱን ሳያወልቅ «ባቡሩ ዛሬስ በሰዓቱ ገባ?» ይለኛል። ላም ሐዲዱ ላይ ተኝታበት ዘገየ እለዋለሁ። ከእሱ ጋር በቀን የማወራው ይህንኑ ነበር።

ኮረብታውን በፎምና በጀሶ ሠራሁ። ጠጠሩን ከግቢያችን ለቅሜ፣ ፈጭቼ፣ በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። ሣሩ ቀለም የጠጣ ሰጋቱራ ነው። አባቴ ሁለት ወር ሙሉ በበሩ አልፎ ሲሄድ አንገቱን እንኳ አላዞረም። አንድ ቀን ግን ቆመና፣

«ጠጠርህ ንጹሕ ነው» አለ።

ያመሰገነኝ መስሎኝ ነበር። ቀጠለና ዘይት ያልነካው ጠጠር የጣቢያ ጠጠር እንዳልሆነ፣ ሎኮሞቲቭ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ጥቁር መስመር እንደሚኖር አስረዳኝ። ጥቁር ቀለም በቤንዚን አቅጥኜ በጠብታ አንጠባጠብኩበት። በማግስቱ ደግሞ ቆመ። በሳምንቱ ወንበር ይዞ መጣ። የቢሮው ሦስተኛ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን መደፈኑን፣ የዘንጉ እጀታ ላይ ጨርቅ መጠምጠሙን፣ አግዳሚው አንድ እግሩ አጭር መሆኑን ነገረኝ። የአግዳሚውን እግር በካተር ላጥኩለት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን አንድ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ተቀምጠን አናውቅም።

ታንከሩን ሠርቼ የጨረስኩ ቀን ጣቱን በመስኮቱና በዘንጉ መካከል አሳርፎ «እዚህ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጣቱን ሳያነሳ፣ «ያ ሰውዬ አላየኝም» ብሎ ጨመረ። ስለ አደጋው አፍ አውጥቶ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። የቀረውን እኔ ከእናቴና ከሰፈር ወሬ ለቅሜ ያወቅኩት ነው።

ኮላውን አልቀባሁም። በሥራዬ አንድ ሰው ብቻ ነግሮኝ ቧንቧ ስዬ አላውቅም፤ ሁለተኛ ሰው እጠይቃለሁ። የአለቃውን አድራሻ አፈላልጌ ሄድኩ።

አለቃው በአውቶቡስ መስመር መጨረሻ ላይ ባለ ግቢ፣ ከኋላ ባሉ ሁለት ክፍሎች ብቻቸውን ይኖራሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው በሩን ይዘው ቆዩና ወንበር ላይ የተከመሩ ጋዜጦችን አንስተው «ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ስለ ሞዴሉ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ፣ ጣቢያውን ሣሉልኝ። ታንከሩን ከቢሮው ጀርባ አደረጉት። አባቴ ግን ታንከሩ በመስኮቱና በዘንጉ መካከል ነበር እንደሚል ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አደጋው በደረሰ በሁለት ወሩ ወደ ሌላ ጣቢያ መዛወራቸውን፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ታንከሩ መጋዘኑ ጎን እንደነበረ ተናገሩ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«አባትህ ለኮሚቴው ቃሉን ሲሰጥ እዚያው ነበርኩ። ታንከር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።»

ሻይ ሊያፈሉ ተነሱና፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ሌላም ነገር ጨመሩ። «ያየሁትን ተናገርኩ። አይቼ ለምን ወጥቼ እንዳልመለስኩት ግን የጠየቀኝ የለም። አሁን መጥቶ ይመልሰዋል ብዬ ነበር። ከዚያ ስልክ ጮኸ።»

ስወጣ በሩ ላይ ያዙኝና አባቴ አሁንም ያፏጭ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጣቢያው ውስጥ የት እንዳለ የሚያውቁት በፉጨቱ ነበር። እኔ አባቴ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም። አዎ፣ አንዳንዴ አልኳቸው።

የሠራሁት ታንከር ሳይለጠፍ ሦስት ሳምንት በስፌት ክፍሉ መስኮት ደፍ ላይ ተቀመጠ። አባቴ በየቀኑ ያየዋል። በመጨረሻ «ምነው፣ ኮላ አለቀብህ?» አለኝ። አለቃው ዘንድ መሄዴን ነገርኩት። ተነሳ፤ ወንበሩን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሩ ጋ ሲደርስ እርምጃው ሲፈጥን ይሰማኝ ነበር። ክፍሉ መጀመሪያ ከነበረው የበለጠ ጭር አለብኝ፤ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ባዶ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ አራተኛው ጣቢያ ሄድኩ። አውቶቡሱ ከጣለኝ በኋላ ሐዲዱ በተነቀለበት መደብ ላይ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝኩ። መንገድ ላይ ሰው አላገኘሁም። ቢሮው ጣሪያ የለውም፤ መስኮቱም ፍሬሙ ተነቅሎ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ከጀርባ፣ በመጋዘኑ ፍርስራሽ ጎን፣ አራት የኮንክሪት መሠረቶች አገኘሁ፤ አንዱ ወገን ሰምጦ ዘመዋል። ወደ ፊት ዞርኩ። በመስኮቱና ዘንጉ በነበረበት ቦታ መካከልም አራት መሠረቶች ነበሩ። ለካሁ፤ በመሠረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከኋለኞቹ ጋር አንድ ነው።

ብቻዬን ሳቅኩ። ታንከሩ ተነስቶ ተተክሏል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚያ ከመስኮቱ ፊት ካሉት መሠረቶች አንዱ ላይ ጭረት አየሁና አፈሩን በቁልፌ ፋቅኩት። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አንድ ሰው በእንጨት ቀን ጽፎበታል። ቀኑ አደጋው ከደረሰ ከሰባት ወር በኋላ ነው።

በአውቶቡሱ መስኮት ላይ ተደግፌ ስመለስ የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነበር። በአደጋው ቀን ታንከሩ ከጀርባ ነበር፤ አለቃው ማየት ይችሉ ነበር። ይሁን። አባቴ ግን ታንከሩን ሁለተኛው ቦታ ላይ መቼ አየው? በዚያው ሳምንት ነው የተባረረው።

ቤት ስደርስ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠበ ነበር። ያየሁትን ከነቀኑ ነገርኩት። ብርጭቆውን አለቅልቆ ደፋው። ደግሞ አነሳውና እንደገና አለቀለቀው።

ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ ወደ እኔ ሳይዞር። ከተባረረ በኋላም በየማለዳው ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣ ነበር። ይህን አስታውሳለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ኮፍያውን ከምስማሩ አውርጄ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ ሥራ የሚሄድ መስሎኝ። የሚሄደው ከጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለው ኮረብታ ነበር። ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ባቡሮቹን ይቆጥራል፤ በእሱ ቦታ የገባውን፣ ጓንት ሳያደርግ ዘንግ የማይነካውን ቀጭን ልጅ ሲሠራ ያያል። እናቴ ታውቅ ነበር። ቤቱን በስፌቷ ይዛ ለእሱ በየቀኑ ዳቦ ትቋጥርለታለች፤ የት ዋልክ ብላም ጠይቃው አታውቅም። ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ሆነ። ጣቢያው ውስጥ የሠራው አሥራ አንድ ወር ብቻ ነው።

«የድሮው መሠረት ሲሰምጥ ታንከሩን ወደ ፊት አዞሩት» አለ። «ኮንክሪቱን ሲያፈሱ አይቻለሁ። ከኮረብታው ላይ ሳየው መስኮቱን ይጋርደዋል። በየቀኑ እሱን እያየሁ፣ ታዲያ እንዴት አየኝ እያልኩ... ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ቆሞ አያውቅም፤ እኔ ጭንቅላት ውስጥ። ዋሽቼህ አይደለም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ዘንጉን መመለሴንም አስታውሳለሁ። ግን በቀን ስምንት ጊዜ የሚሳብ ዘንግ ነው። የማስታውሰው የዚያን ቀኑን ይሁን የሌላውን፣ በምን ልወቀው?»

አለቃው ስለ ስልኩ የነገሩኝን አልደበቅኩትም። ሰማኝና «ይህን ለኮሚቴው አልተናገረም» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። እሱም ብቻውን ነው የሚኖረው? ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ከዚያ ማለት ያለብኝን አልኩ። ሞዴል አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚይዘው። ከአደጋው በኋላ ያለውን ዓመት ብንመርጥ ታንከሩ አንተ ባልክበት ይቆማል፤ ማንም መጥቶ ቢያይ ልክ ነው፤ ነገር ግን ዘንጉ ጋ የሚቆመው ባለጓንቱ ልጅ ይሆናል፤ አንተ ኮረብታው ላይ ነህ። ከአደጋው በፊት ያለውን ብንመርጥ ዘንጉ ጋ ያለኸው አንተ ነህ፤ ታንከሩ ግን ከጀርባ ነው። እኔ ሁለቱንም መሥራት እችላለሁ፤ ምርጫው የአንተ ነው አልኩት።

ወደ ክፍሉ ሄደ። ወንበሩን ይዞ ወደ ስፌቱ ክፍል ሲገባ ሰማሁና ተከተልኩት። ከሽቦና ከሰም የሠራኋቸው፣ ከጥፍር ብዙም የማይበልጡ ሰዎች በካርቶን ክዳን ላይ ተደርድረዋል። አንዱን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ኮፍያው ላይ ቀይ መስመር እንዳልቀባሁ ተመልክቶ ይህንንም ነገረኝ። ኮረብታውን አየ፤ ሰጋቱራው ገና ያልተለጠፈበት ነጭ ጀሶ ነበር። ረጅም ጊዜ እሱን ሲያይ ቆየ። እኔ መቀመጫ ስላልነበረኝ የእናቴ ስፌት መኪና ክዳን ላይ ተቀመጥኩ።

«ሥራ ላይ የነበርኩበትን ዓመት አድርገው» አለ በመጨረሻ። «ታንከሩን ወደ ኋላ ውሰደው። ያን ሰውዬም መስኮቱ ላይ አቁመው፤ ይየኝ።»