ከጋሻው ሥር የተቀመጠችው

ለቅሶውን ያበላሸችው ኖኒያ ናት፤ አልቀመጥም አለች።

የባሏ የዲፊሎስ ሬሳ ከተቃጠለ ወዲህ፣ ሮም ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ ለምስሩና ለወይን ጠጁ ሲል ይጎርፋል። እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ለወጉ እንኳ መሬት ብትቀመጪ ምናለበት?» አለች የሟች እህት ክሪስፓ በሹክሹክታ። «ሰው ምን ይላል?»

«ቆማ ታለቅሳለች ይበል።»

«መች አለቀስሽና!»

ለቅሶተኞቹ አንድ የብር ዲናር እየተቀባበሉ ያደንቃሉ። ቅርጹ የብር ማተሚያው ቀራጭ የነበረው የዲፊሎስ ሥራ ነው፦ ግንድ ላይ የተሰቀለ የጠላት ጥሩርና ጋሻ፣ ከሥሩ ጉንጯን በእጇ ደግፋ መሬት የተቀመጠች የጋሊያ ምርኮኛ።

«ወይ ሐዘን! የተሸነፈ ሕዝብ እንዲህ ነው!» አለ አንዱ፣ አፉ ምስር እንደ ሞላ።

ኖኒያ ሳቋን ዋጠችው። ዲፊሎስ ጦር ሜዳ ቀርቶ የከተማውን በር አልፎ አያውቅም። ጥሩሩን የተዋሰው ከአንድ ግላዲያተር ነው፤ ግንዱ የልብስ ማስጫ ነበር። ምርኮኛዋም የልብስ አጣቢ ልጅ፣ ራሷ ኖኒያ። ክረምቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ «አንገትሽን ድፊ እንጂ! አገርሽ ተቃጥሏል እኮ!» ይላት ነበር። ጉልበቷ ያበጠው ያኔ ነው። ሥራው ሲያበቃ ግን ያንኑ ጉልበት በሞቀ ዘይት ያሽላት ነበር። ይህን የሚያውቅ ለቅሶተኛ የለም።

የብር ማተሚያው ሹም ሩቲሊዮስ የዲፊሎስን ረዳት አስከትሎ ገባ። ረዳቱ ሰም የተቀባ ሰሌዳ ይዟል።

«አዲስ ድል አለ» አለ ሹሙ፣ አንድ የማጽናኛ ቃል ሳይተነፍስ። «የድሉ ሰልፍ ሳይደርስ ዲናሩ መታተም አለበት። ተቀመጪና ይሳልሽ፤ አሁንማ ሐዘንሽም የምር ነው።»

«የማን አገር ነው የተሸነፈው?»

«ምን አገባሽ? ቤቱ የማተሚያው ነው። ከተቀመጥሽ ትኖሪበታለሽ።»

«ካልተቀመጥኩስ?»

«ትወጫለሽ።»

«እህቴ፣ ለአንድ አፍታ እኮ ነው» አለች ክሪስፓ፣ ምንጣፍ እያነጠፈችላት።

«አንቺ ተቀመጪለት። ያንቺም አገር ይቃጠል።»

ኖኒያ የዘይቱን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አነሳች። አፉ ላይ የዲፊሎስ የአውራ ጣት አሻራ ደርቋል። ግራ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ጉንጯ ሲነሳ ታወቃት። ረዳቱም አይቶ መሳያውን ሰሙ ላይ አሳረፈ።

እጇ ጉንጯን ሳይነካ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።