ቆጠራ ላይ እጁን የያዙት

«ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም?»

የወረዳው ወህኒ ቤት አዛዥ አቶ ፈየራ የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሚፍታህ ግን መጀመሪያ ሰውየውን ልየው አለ። ጊዜው ሰኔ 1988 ነው። ክልሉ አዲስ፣ ማኅተሙ ገና ቀለም ያልጠገበ፣ ወህኒ ቤቱም የድሮ እህል መጋዘን ሆኖ ዙሪያውን በቀርከሃ የታጠረ ነበር። ሚፍታህ በዘጠኝ ዓመቱ ከአጎቱ ጋር በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግሮ፣ ካርቱም ተምሮ፣ ሐኪም ሆኖ የተመለሰ ሰው ነው። የክልሉ ከተማ አሶሳ ላይ «የአገሩ ልጅ መጣ» ብለው ተቀበሉት። እሱ ግን ከመጣ ጀምሮ አማርኛውንም፣ የእናቱን በርትኛም፣ የተማረውንም ሳይጠራጠር የዋለበት ቀን አልነበረም።

ሰውየው ኻሚስ ይባላል። የገዛ ጎጆውን አቃጥሎ፣ እሳቱ የጎረቤት ጎተራ በልቶ ነው የታሰረው። «ከግድግዳው ውስጥ ይጠሩኛል» ይላል። ሦስት ጊዜ ችሎት ቀርቦ ስሙ ሲጠራ ስላልመለሰ ሦስት ጊዜ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው። አሁን ዓመት ሊሞላው ነው።

ሚፍታህ ያየው በማለዳ ቆጠራ ላይ ነበር። ዘቡ ማንጎ ዛፉ ላይ እንደ ደወል የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ፣ የኻሚስ ገላ እንደ ተያዘች ዶሮ መርበድበድ ጀመረ። ወዲያው ዳበሳ የሚባል እስረኛ ከቀኝ፣ ጁምዓ የሚባል ከግራ እጆቹን ያዙት። ስሙ ሲጠራ ዳበሳ «አቤት» አለለት።

«ሐኪም፣» አለ ዳበሳ ቆጠራው ሲያበቃ፣ «እኔንም አብዷል ብለህ ጻፍልኝ። እብድ የሚታከመው አዲስ አበባ ነው አሉ፤ አይቼው አላውቅም።»

እስረኞቹ ሳቁ። የኻሚስ ዓይን ግን ቸርኬው ላይ እንደ ተተከለ ነበር።

«ይማታል?» ሲል ጠየቀ ሚፍታህ።

«እሱ?» አለ ጁምዓ። «ከጥላው የሚሸሽ ሰው ማንን ይመታል? እጁን ከያዝነው ደህና ነው። የለቀቅነው እንደሆነ ግን ግድግዳውን በግንባሩ ይመታል።»

ሚፍታህ የግንባሩን ጻፈ፤ የእጆቹን አልጻፈም። በተማረበት አገር «ለራሱም ለሌላውም አደገኛ ነው» የምትል መስመር ካልሰፈረች ለእብድ አልጋ አይሰጥም ነበር። የሆስፒታሉን በር የምትከፍተው እሷ ናት። ጻፋትና ፈረመባት። አንዱን ቅጂ ለፈየራ ሰጥቶ ሌላውን ለበላይ ለማቅረብ አሶሳ ገባ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሲመለስ ኻሚስ ከሰልፉ ላይ የለም። በዳበሳና በጁምዓ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ተትቷል። ቸርኬው ተመታ። ያን ጊዜ ከጓሮ፣ ዘር ይቀመጥበት ከነበረው ክፍል፣ ሰንሰለት ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ ድው አለ። ደግሞ ድው። እስረኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ዳበሳም አልቀለደም።

ሚፍታህ ሄዶ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። ሽታው ወደኋላ ገፋው። ኻሚስ ከምሰሶው ጋር በእግሩ ታስሮ ተኮራምቷል፤ ግንባሩ ላይ ደም ደርቋል።

«መጡ?» አለ በበርትኛ፣ በሹክሹክታ።

«እነማን?»

«እጆቼን የወሰዱት።»

የኻሚስ እህት ጣሂራ የማሽላ ገንፎ በጣሳ ይዛ የአዛዡ ቢሮ ደጃፍ ቆማለች። በየሳምንቱ የስምንት ሰዓት መንገድ በእግሯ እየተጓዘች የምትመጣ ሴት ናት። «እኔ እህቱ ነው» ትለዋለች ፈየራን በተሰባበረ አማርኛ። «እሱ ሰው አይመታም። እሱ ይፈራል ብቻ።» ሚፍታህን ስታይ ወደ በርትኛ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተ ሳትመጣ የሚይዘው ሰው ነበረው። ምን ብለህ ነው የጻፍክበት?»

ሚፍታህ ዓይኗን ሽሽት ወደ ፈየራ ዞረ። ፈየራ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣ።

«ያንተው ፊርማ ነው፣ ዶክተር። አደገኛ ካልከኝ በኋላ ከሰው ጋር ባኖረውና አንዱን ቢገድል፣ ሰንሰለቱ የሚዞረው ወደ እኔ እግር ነው። አምስት ልጆች አሉኝ።»

«ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ። ሌላ ልጻፍልዎ።»

«የቱን ልመን? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ። ከብዕር የወጣውማ በምን ይመለሳል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እኮ እንቅልፍ የለኝም። ቤቴ ከጓሮው ጀርባ ነው፤ ድው ባለ ቁጥር ልጆቼ ጉያዬ ይገባሉ። የሚቀበለው ሆስፒታል ቃሉን ይስጥህና ላክልኝ። በዚያው ቀን እፈታዋለሁ።»

ሚፍታህ በማግስቱ ተነሣ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ አምስት ቀን የአእምሮ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። በስድስተኛው ቀን አንድ አልጋ ተገኘ። እስከ ሐምሌ ሃያ እንይዝለታለን፣ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ይሰጣል አሉት። እየተጣደፈ አሶሳ ሲደርስ ክረምቱ ቀድሞታል። ወደ ወረዳው የሚያሻግረውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል፤ ስልክ ድሮም የለም። የቀረው የመገናኛ ሬድዮ ነበር።

ሬድዮዋን የምትይዘው ዘመናይ፣ ከፓዌ የመጣች የሰፋሪ ልጅ፣ እርሳሷን አሾለች። «አሳጥሩት እሺ፣ ዶክተር። ባትሪያቸው ደካማ ነው።»

ሚፍታህ ቆሞ አጻፋት፦ «ለአዛዡ። አልጋ ተገኝቷል። ሰንሰለቱ ዛሬውኑ ይፈታ። ከሰዎቹ ጋር ይደር። ቆጠራ ላይ ዳበሳና ጁምዓ እጁን ይያዙት። መድረሱን አሳውቁኝ።»

«እጁን ይያዙት የሚለውም ይሂድ?»

«ሌላው ቢቀር እሱ ይሂድ።»

ዘመናይ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከወዲያ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ መጣ።

«ደረሰ?»

«ከእኔ ወጥቷል። መድረሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።»

ከዚያ ወዲያ ሚፍታህ በየማለዳው፣ ቸርኬው በሚመታበት ሰዓት፣ ሬድዮ ክፍሉ እየመጣ ይቆማል። ዘመናይ ትጣራለች፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ያቀርባሉ። አንዳንዴ ሽሽ ከሚለው ድምፅ ውስጥ አንድ ነገር ድው የሚል ይመስለውና እጇን ይይዛታል። «ቆርቆሮው ነው፣ ዝናቡ» ትለዋለች ቀስ ብላ።

የአልጋው ቀን ባለፈ ማግስት፣ ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን፣ ዘመናይ የመልእክት መዝገቧን ገለጠች። «ተልኳል» በሚለው ሥር የእሷ ፊርማ አለ። «መልስ» የሚለውን ቦታ ባዶውን ትታ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች።