ጭራ ቆራጣው ትራውት

ኦሊያድ ሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤቱ ምሳ ሲጠራኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። አዲሱ አለቃው ሊመጡ ነው፤ «ሐዳሳ፣ ጨዋታ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ እንዳትቀሪብኝ» አለኝ። ሞኝነቴ፣ ፀጉሬን ሁሉ ተሠርቼ ነበር።

እኔና ኦሊያድ የዓሣ ጓደኛሞች ነን። የሀዋሳ ሰው ሐይቅ ደጁ ላይ እያለ እኛ ለዓሣ ባሌ ተራራ ድረስ መሄዳችንን እንደ እብደት ያየዋል። ትራውት የሚባለው ዓሣ ግን ሐይቃችን ውስጥ የለም፤ የተራራ ወንዝ ነው የሚወደው። ክረምቱ አልፎ ነፍሳቱ ከውሃው እየወጡ መብረር ሲጀምሩ፣ እየዘለለ ይለቅማቸዋል። ያኔ ከላባ የሠራናትን ዝንብ መንጠቆ ላይ አስረን ውሃው ላይ ጣል ማድረግ ነው። ጊዜው ሲደርስ ወንዙ ዳር የሚኖሩት ጋሽ ሱሌይማን ለኦሊያድ ይደውላሉ፣ እሱ ደግሞ ለእኔ። ዘንድሮ በጠየቅኩት ቁጥር «ገና ነው፣ ዝናቡ አዘገየው» ይለኝ ነበር።

ለምሳ አንድ ትራውት እንዳለ ተጠብሶ ቀረበ። የጭራው የላይኛው ጫፍ ጎዶሎ ነው። አምና በእጄ የያዝኩት፣ «ይሄንንስ ማንም አይበላውም» ተባብለን መልሰን የለቀቅነው ራሱ ነው።

«ባሌ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁልዎት» ይላቸዋል ኦሊያድ አለቃውን። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ሳህኑን ብገለብጠው ደስ ባለኝ፤ የሰው ቤት ነውና ዋጥ አደረግኩት። ኋላ ማድ ቤት ተከትዬው ገባሁ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ብነግርሽ ታስነኪኝ ነበር? ዓሣ እኮ ነው፣ ሐዳሳ።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለጋሽ ሱሌይማን ደወልኩ። ከንዴቴ የተነሳ ሰላምታውንም በቅጡ አልጨረስኩም።

«ያንን ዓሣ ሲወስድ እንዴት ዝም ብለው አዩት?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የላክሽው?» አሉ። «ሐዳሳን ለማጨት ሽማግሌ ሊላክ ነው፣ ለግብዣው ያንኑ ዓሣ ካላመጣህ ብላኛለች አለኝ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን አንቺ ካልሽ ብዬ የሚደበቅበትን ድንጋይ አሳየሁት።»

«እኔ አልላክሁትም፣ ጋሽ ሱሌይማን። ሽማግሌም የለም።»

ባጃጁ መናኸሪያ ደረሰ።

«እሺ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ጥፋቱን በሌላ ለሚያላክክ ሰው በሚባልበት ድምፅ፤ አላመኑኝም።