የሳምንት ውሃ

እድላዊት ከሠርጓ በፊት ልትጨርሳቸው ከፈለገቻቸው ነገሮች ሁሉ ያልሆነላት የዓሦቹ ጉዳይ ነበር። ቀሚሱ ተሰፍቷል፣ መጥሪያው ተበትኗል፣ እሷና እጮኛዋ ኤልያቄም ሀና ማርያም አካባቢ የተከራዩት ቤትም ቀለም ተቀብቶ ቁልፉ እጃቸው ገብቷል። ዓሦቹ ግን መካኒሳ አቦ፣ ከአባቷ ከአቶ ወጋየሁ ጋር በምትኖርበት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳቸው እየዋኙ ነበር።

ገንዳው የጨው ውሃ ገንዳ ነው። እድላዊት በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራበት ሆቴል መግቢያ አዳራሹን ሲያድስ፣ የሚወስደው ሰው ጠፍቶ ለእሷ የተሰጠ ነው። እናቷ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አባቷ ያን ሰሞን የከተማ አውቶቡስ ሹፌርነታቸውን በጡረታ ትተው ቤት ውለዋል፤ ቴሌቪዥኑን እንኳ ሳይከፍቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። የሚያዩት ነገር ይኑራቸው ብላ ነው ያመጣችው። እሳቸው መጀመሪያ ስቀው፣ «እኔ ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ነው» አሉ። ሁለቱን ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ዓሦች ካዩ በኋላ ግን ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አዞሩት።

የእንዲህ ዓይነት ገንዳ ችግሩ ውሃው ነው። ውሃው በየቀኑ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ በጎደለው ልክ ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ካልተጨመረበት ጨዋማነቱ እየበዛ ይሄድና ዓሦቹን ይጎዳል። እድላዊት ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ከወጥ ቤቱ የውሃ ማጣሪያ ቀድታ በማንቆርቆሪያ ቀስ እያለች ትጨምራለች። እሷ ስትጨምር አባቷ አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሌሊቱ ሕልማቸው፣ ሶዶ ስላሉት ዘመዶች ያወሯታል። ሥራ የምትገባበት ሰዓት ደርሶ ቦርሳዋን እስክታነሳ ድረስ ወሬው አያልቅም።

አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወደ ክፍለ ሀገር ስትሄድ ኃላፊነቱን ለእሳቸው ሰጥታ ነበር። ስትመለስ ምንጣፉ ረጥቧል፣ አባቷ በፎጣ ወለሉን እየጠረጉ ነው። ውሃው የሚቆምበት መስመር አልታይ ብሏቸው ገንዳው እስኪገነፍል ጨምረውበት ነበር። ታዲያ ካገባች በኋላ ይህን ጣጣ በእሳቸው ላይ መጣል አልፈለገችም። ራሱ ለክቶ፣ ራሱ የሚጨምር መሣሪያ እንዳለ ሰምታ ነበርና አንድ ቅዳሜ ይዛቸው ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሄደች።

እዚያ የዓሣ ገንዳ የሚሸጠው ሚሳኤል የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ሦስት ዓይነት አሳያቸው። አንደኛው ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ሲሆን፣ ልክ እንደ ሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ በተንሳፋፊ ኳስ ይሠራል፤ ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርድና ቧንቧውን ይከፍታል። ሁለተኛው የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰርና ትንሽ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ አጠገቡ ከሚቀመጥ ጀሪካን ውሃ እየሳበ የጎደለውን ይሞላል። ሦስተኛው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በማጣሪያ በኩል በቀጥታ ይገናኛል። ይህኛው አንዴ ከተገጠመ የሰው እጅ አይፈልግም አላቸው።

አቶ ወጋየሁ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ፤ ለእያንዳንዱም እንከን አወጡለት። ኳሱ ላይ ቀንድ አውጣ ቢወጣበትስ፣ አሉ። ሚሳኤል ያጋጥማል አላቸው። ሴንሰሩ መብራት ሲጠፋስ፣ አሉ። ባትሪ አለው ተባሉ። ቢሆንም ፓምፑ ይጮሃል ብለው ጠረጠሩ። ከሮቶው የሚገናኘውንም ግድግዳ መብሳት ይጠይቃል ብለው ተዉት። ሳይገዙ ተመለሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። መሀል ላይ ኤልያቄም ከየቦታው የመሣሪያ ፎቶ እየፈለገ በቴሌግራም ይልክላቸው ነበር። አቶ ወጋየሁ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ያዩና «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ እናስብበት» ብለው ይመልሱለታል። ሠርጉ እየቀረበ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ እድላዊት ታክሲው ውስጥ ትዕግሥቷ አለቀ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ተቆጥታ፣ የትኛውን እንደሚፈልጉ ቁርጡን እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከታክሲ ወርደው ኮብልስቶኑን ይዘው ሄዱ።

በራቸው ጋ ሲደርሱ አቶ ወጋየሁ ቆሙ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሳይከፍቱ በእጃቸው ያዙት።

«ያ ዕቃ የገባ ቀን» አሏት፣ «አንቺ ወደዚህ ቤት የምትመጪበት ነገር ያልቃል ብዬ ነው።»

እድላዊት ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። ቁልፉን ከእጃቸው ተቀብላ በሩን ከፈተችላቸው። ሰኞ ጠዋት ውሃ ስትጨምር ማንቆርቆሪያውን ከወትሮው አዘግይታ አፈሰሰች፤ አባቷም ስለዚያ ነገር ሳያነሱ የአጎቷን ልጅ ምርቃት አወሯት። ሥራ ዘግይታ ገባች።

በሳምንቱ አጋማሽ ከሥራ ስትወጣ ብቻዋን ወደ ሚሳኤል ሄደች። ባለ ሴንሰሩን እንደምትፈልግ ነገረችው። እሱም አብሮ የሚሄድ ትልቅ ጀሪካን አወጣላት፤ አንዴ ከተሞላ ወር ያህል ያቆያል፣ አባትሽ አይደክሙም አላት። ከጎኑ ትንሽ ጀሪካን ነበር። እሱስ ምን ያህል ጊዜ ያቆያል ብላ ጠየቀችው። ቢበዛ ሳምንት ነው አላት።

«ትንሹን ስጠኝ» አለችው።

ሚሳኤል ምክንያቱን አልጠየቃትም። እንዲያውም እሱም ትንሹን እንደሚመርጥ ነገራት፤ ሴንሰሩ ተበላሽቶ ፓምፑ አላቆም ቢል፣ ትልቁ ያለውን ሁሉ ገንዳው ውስጥ ገልብጦ ጨዉን ያቀጥነዋል። የትንሹ ጥፋት ግን ትንሽ ነው። እድላዊት ይህን ሰምታ ደስ አላት፤ ምርጫዋ ለዓሦቹም የሚበጅ ሆነ።

ቤት ስትደርስ ኤልያቄም ቀድሟት መጥቶ ስለነበር አብረው ገጠሙት። ሴንሰሩን ከመስታወቱ ጋር አጣብቀው፣ ቀጭኑን ቱቦ አስገብተው፣ ጀሪካኑን ከገንዳው በታች አስቀመጡት። እድላዊት ለሙከራ በኩባያ ትንሽ ውሃ ከገንዳው ቀዳች። ፓምፑ እንደ ንብ እምም ብሎ ተነሳ፤ የጎደለውን ሞልቶም ቆመ። አቶ ወጋየሁ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይሄ ምን ያህል ያቆያል?»

«ሳምንት ነው አባዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እሞላዋለሁ።»

ጀሪካኑን አዩት፤ ቀጥለው እሷን አዩዋት። ትልቅ የለውም ነበር ወይ ብለው አልጠየቁም። ኤልያቄምን ራት በልተህ ነው የምትሄደው ብለው እጁን ያዙት።

ሠርጉ በዝማሬና በምርቃት አለፈ። ከሠርጉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ያለ ፋታ ወረደ። የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከአንዱ ታክሲ ወርደው ሌላውን እስኪያገኙ ድረስ ጫማቸው ጭቃ ሆነ። እድላዊት መንገዱን ሁሉ የምታስበው ስለ ጀሪካኑ ነበር። ባዶ ሆኖ፣ ፓምፑ አየር እየሳበ ሲንገጫገጭ ይታያት ነበር። ኤልያቄም አይዞሽ፣ አንድ ቀን ዓሦቹን አይጎዳቸውም ቢላትም አልተረጋጋችም።

በሩን ከፍታ ስትገባ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ወደ ገንዳው ሄዳ ጎንበስ አለች። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልቷል። አጠገቡ ኩባያና በደንብ የተጨመቀ ፎጣ አለ፤ ወለሉ ላይ ጠብታ የለም። አባቷ ከማጣሪያው በኩባያ እየቀዱ፣ ቀስ በቀስ፣ ራሳቸው ሞልተውታል።

ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። እዚያው እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔ አይደለሁ ወይ የምሞላው አባዬ?»

አቶ ወጋየሁ ከወንበራቸው ተነስተው አጠገቧ መጡ። ከእርጥብ ሻርፕዋ ላይ የተጣበቀ ቅጠል አነሱላት።

«ለውሃ ብለሽ በዚህ ዝናብ እንድትለፊ አልፈልግም» አሏት። «ውሃውን ለምጄዋለሁ፣ ለእኔ ተይው። አንቺ እንዲሁ ነይ። ሲመችሽ፣ ያለ ምክንያት።»

እድላዊት እጃቸውን ይዛ ተነሳች። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ኤልያቄም አይቶ፣ ጫማውን ለማውለቅ ብሎ ወደ በረንዳው ተመለሰ።

ሲመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እድላዊት ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፉ ጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውም ከሰኞ ጀምረው፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደወለ፣ የቆጣሪ አንባቢው ከጎረቤት ጋር ምን እንደተባባለ አንድም ሳያስቀሩ እየነገሯት ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ የኤልያቄም ካልሲ ወንበር ጀርባ ላይ ተሰጥቶ ደርቆ፣ እሳቸው ገና ማክሰኞ ላይ ነበሩ።