አሥራ ስድስት ከሃምሳ በቡሌ ገመድ

ዲላ ንጋት የእግር ኳስ ክለብ ከተጫወተባቸው ሜዳዎች ሽመክት መስመር ያላሰመረበት የለም። የመጀመሪያው ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር፤ አውቶቡስ መዞር ሲፈልግ ጨዋታው ይቆማል። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ግቢ ሲሆን፣ መጀመሪያ ዳገቱ የደረሰው ቡድን ከእረፍት በኋላ ጉልበት አይተርፈውም። ሦስተኛው አዲሱ ስታዲየም ነው፤ ስሙ ትልቅ፣ መልበሻ ክፍሉ ግን በር እንኳ ያልነበረው። በዚህ ሰበብ የሴቶቹ ቡድን እዚህ እየተለማመደ፣ «የሜዳችን» የሚለውን ጨዋታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐዋሳ ሄዶ ተጫወተ።

ሽመክት የሜዳው ጥበቃም ስለሆነ ባዶውን ሜዳ ጥሎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የቡድኑ በረኛ የሆነችው ልጁ ሳሮን ለነጥብ ስትጫወት አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። አንጀቱን የሚበላው ይኸው ነው። ዛሬ ከሊጉ የመጣችው ገምጋሚ ወይዘሮ ኤልቤቴል ሜዳውን ካሳለፈች ያያታል፤ ከጣለችው ደግሞ ሌላ ዓመት።

በሩ ተገጥሟል፤ ውሃውም ገብቷል። ወይዘሮዋ ሁሉን አየች፤ ከዚያ ሜትሯን ሣሩ ላይ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ የበረኛዋ ክልል፣ አሥራ ስድስት ከሃምሳ ሜትሩ፣ አሥራ ስምንት ሊሞላ ነው እኮ። በምንድን ነው የለኩት?»

«በገመዴ» አለ ሽመክት ደረቱን ነፍቶ።

ገመዱን ቡሌ ከተማ የሚኖሩት አማቱ ናቸው ከእንሰት ቃጫ የገመዱለት። ሦስቱም ሜዳ የተለካው በእሱ ነው። ክለቡ ሜትር ሊገዛለት ቢል እንኳ «ምን ጎደለኝ?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ለካስ ቃጫው በዝናብ እየራሰ፣ በየሳምንቱ እየተወጠረ፣ ዓመት በዓመት ይረዝም ኖሯል።

ሽመክትን ላብ አጠመቀው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የክለቡ አይደለም» አለ።

«መስመሩ ኖራ ነው፤ ይጠፋል ጋሼ። እኔን ያሰጋኝ መልበሻ ክፍሉ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት በዚህ ሜትር ያስተካክሉት፤ እፈርማለሁ።»

አስተካከለ፤ ፈረመች። ሽመክት ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ እፎይ አለ።

እፎይታው ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ባለፈው ወር ሳሮን ሐዋሳ ላይ ከክልሏ ውጭ ኳስ በእጇ ነክታ ቀይ ካርድ አይታለች። ወሬውን ሰምቶ «መስመር የማታይ በረኛ!» ብሎ የጮኸባት እሱ ነው፤ ለካስ ልጅቷ በልምምድ የለመደችው የእሱን አሥራ ስምንት ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከግቡ አፍ ንቅንቅ አትልም።

ደወለላት። ሜዳው ማለፉንም፣ የገመዱንም ጉድ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ።

«አባዬ» አለች፤ «ዓይኔ እየደከመ መስሎኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር ኳሱን ልተወው ወስኜ ነበር።»

«ዓይንሽ ደህና ነው ልጄ። ያላየሁት እኔ ነኝ» አለ፤ እንባው መጣ።

በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማት። ሳቋን ከሰማ ወር አልፎታል።

«እሑድ ከግቤ ጀርባ ሁን» አለችው። «እስከ መስመሩ ድረስ እወጣለሁ።»